የተደፈነው ግንብ

ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ዘግይቶም ወጣ። መጀመሪያ መንገዱን በላው። ቀጥሎ ወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች አስለቀቀ። እህል ተወደደ፣ ከሰል ረጠበ፣ ልጆች በሳል ተያዙ። ግንበኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ በየበረንዳው ተኮለኮለ። ሰው ሰማዩን ማየት ትቶ የጣሪያውን ስንጥቅ ማየት ያዘ። በዚያ ክረምት አንዲት አሮጊት በገዛ ጓሮዋ ድንጋይ ተጭኗት ሞተች። ትልቁ ልጇም በቁሙ አብሯት ተቀበረ። የእሷን ሞት ዝናብ አመጣው እንበል። የእሱንስ? እሱንም የቀበረው ዝናብ ነው?

ቤተሰቡ የሚኖረው ተዳፋት ላይ ነበር። ከላይ የታናሽየው ቤት፣ ከታች የታላቅየው፤ ከታላቅየው ቤት ጎን፣ ጓሮው ጥግ ላይ፣ የእናታቸው አንዲት ክፍል። ታናሽየው አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ታላቅየው ግንበኛ ነው። ሰው ሁሉ «ቱንቢ» ይለዋል፤ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት በሚያዩበት፣ በክር በሚንጠለጠለው ክብደት ስም። ይህን ስም ያወጣለት ግንቡ ብቻ አልነበረም። ሲሄድም ሲናገርም እንደዚያው ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳው ላይ በቆመች የስፌት መኪናዋ የሰፈሩን የተማሪ ልብስና መጋረጃ ትሰፋለች። አፏ ከመቀሷ ይብሳል የሚሉ ነበሩ፤ እሷም አትክድም።

የላይኛው ግቢ አፈር በየክረምቱ እየተንሸራተተ እማማ ድንችና ጎመን የምታለማበትን ጓሮ ያለብሰው ነበር። ስለዚህ ቱንቢ የድጋፍ ግንብ ሠራላት። ከቅጥር ሥራ የተረፈውን ቀን ሁሉ ጓሮው ውስጥ አሳለፈ። መሠረቱን ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ቆፈረ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየጠረበ ደረደረ፣ ከኋላው ጠጠር ሞላ። በየመሃሉም ቀዳዳ ተወለት። አፈር ውስጥ የሰረገ ዝናብ በዚያ ካልወጣ ግንቡን ከጀርባው ይገፋዋል። ይህን ግንበኛ ሁሉ ያውቃል፤ ሌላው ሰው ግን ቀዳዳ ሲያይ የሚያየው ጉድለት ነው።

በመጀመሪያው ዝናብ ቀዳዳዎቹ ቡናማ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመሩ። እማማ በሯ ላይ ቆማ አየችውና ልጇን ጠራችው።

«ግንብህ ንፍጣም ነው» አለችው። «አፍንጫውን ጥረግልኝ።»

«አፍንጫውን ከያዝሽበትማ ይታፈናል፣ እማማ።»

«ሚስትህን ስፊለት በላታ፣ መሐረብ።»

ሚስቱም ከበረንዳዋ ሰማች፤ ያን ቀን ሦስቱም ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ ግን እማማ በዚያው ጭቃ ላይ ተንሸራትታ እጇ ወለም አለ። ቱንቢ እጇን ይዞ፣ ውሃውን ከበሯ የሚያርቅ ቦይ እንደሚቆፍርላት ማለላት። ግን በማግስቱ ሩቅ ቦታ ለሚሠራ ሕንፃ መሠረት እንዲያወጣ ተቀጥሮ መሄድ ነበረበት። ስመለስ እቆፍርልሻለሁ ብሎ ሄደ። ዝናቡም መንገዱን ቆረጠው፤ ቶሎ አልተመለሰም።

እናት ደግሞ ወንድ ልጇ ሁለት ነው። እማማ ታናሽየውን ጠራችው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ሰፊዋ ሄዳ ብጣሽ ጨርቅ ለመነቻት፤ ትራስ ልሞላበት ነው አለች። እውነቱን ብትነግራት ምራቷ ለባሏ እንደምትናገርባት አውቃለች። ሰፊዋም ከስፌት መኪናዋ ሥር የተጠራቀመውን ሰማያዊና አበባማ ብጣሽ በከረጢት ሞልታ ሰጠቻት። ሹፌሩ፣ ሰፊዋ የሰፋችውን ልብስ ለማድረስ በወጣችበት ከሰዓት፣ ጨርቁን በየቀዳዳው ጠቀጠቀ። በላዩ ሲሚንቶ ለሰነበት። የግንቡ ፊት አማረ። እናቱ መረቀችው። እሱም እጁን ታጥቦ፣ አንድ ቁም ነገር ሠራሁ ብሎ ወደ ቤቱ ወጣ። ሰፊዋ ይህን ሁሉ ያኔ አላወቀችም። ግንቡ ደርቆ ስታይ ዝናቡ ጋብ ያለ መስሏት ነበር።

ግንቡ የወደቀው ረፋድ ላይ ነው። ሰፊዋ እጅጌ እየገጠመች ሳለ መሬቱ ከእግሯ ሥር አንድ ጊዜ ነጠር አለ፤ ከዚያ ጠጠር ከመኪና ሲገለበጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ሹፌሩ ጠጠር ያራገፈ መስሏት ቀና እንኳ አላለችም። ሁለተኛው ድምፅ የቆርቆሮ ነበር። ስትሮጥ የእማማ ክፍል የለም። በሩ ብቻ ከነመቃኑ ቆሟል፤ ከበሩ ወዲያ ድንጋይና ጭቃ ነው። በእጇ ቆፈረች። ጎረቤት መጣ፣ ሹፌሩ ከላይ ወርዶ መጣ፣ ሁሉም ቆፈረ። እማማን ሲያገኟት ነጠላዋን እንደተከናነበች ነበረች... አፏ ውስጥ ሳይቀር ጭቃ ነበር። አንዲት ሴት እንዲህ መሞት አለባት? ዕድሜ ልኳን አፈር ስትቆፍር ኖራ፣ አፈሩ እንዲህ ይክፈላት?

እንግዲህ ሁሉ ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቱ በፍርስራሹ ዙሪያ ቆሞ እየተንሾካሾከ ሳለ፣ ከጎረቤት ግንበኞች አንዱ ሹፌሩን ጠየቀው። ክፋት አልነበረበትም፤ ግራ ገብቶት ነው። የቱንቢ ግንብ እንዴት ሊወድቅ ቻለ አለው። ሹፌሩ በጭቃ የተለወሰ እጁን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እኔ ምን አውቃለሁ። የሠራው እሱ ነው።»

ሰፊዋ ይህን በጆሮዋ ሰማች። ውሸት አልነበረም፤ ስለዚህም ማንም አላረመውም። ቃሉ ከጓሮው ወጥቶ ለቅሶ ቤት ገባ፣ ከለቅሶ ቤት ገበያ ወጣ፣ ከገበያም ግንበኞች በየጠዋቱ ሥራ ፍለጋ ወደሚቆሙበት አደባባይ ደረሰ። ቱንቢ የተቆረጠውን መንገድ በእግሩ ዞሮ፣ ጫማው በጭቃ ተበልቶ ሲደርስ፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። እህታቸው ከበሩ ላይ ተቀበለችው። እሷ ከሁሉም ታናሽ ናት፤ ልጅ ሳለች በጫንቃው ተሸክሞ ያሳደጋት ናት። አላቀፈችውም።

«እናቴን በድንጋይህ ቀበርካት» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቱንቢ አንገቱን ደፋ። ያን ያልሠራሁትን ቦይ ነው ያሰብኩት፣ አለ ኋላ ለሚስቱ። ሹፌሩስ? ሹፌሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። አፍ እኮ ነበረው! ያን ጊዜ አንዲት ቃል ቢወጣው ምን ይሆን ነበር? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይቅር ይባላል። እናቴ ለመነችኝ፣ አላወቅሁም ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? ጨርቅ መወተፍ የሰው ስህተት ነው፤ ማንም ይሠራዋል። ከዚያ በኋላ አፉን መወተፉ ግን በየቀኑ፣ ጠዋት ተነስቶ፣ እያወቀ የሠራው ሥራ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ቱንቢ ፍርስራሹን ብቻውን ማንሳት ጀመረ። ሰፊዋ ውሃ ይዛለት ስትሄድ አንድ ድንጋይ እግሩ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘችው። ድንጋዩ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ተጣብቋል፤ ከሲሚንቶው ሥር ሰማያዊ ጨርቅ ይታያል። አበባማም አለበት።

«ይሄ የኔ ጨርቅ ነው» አለች።

«ነው።»

«ለትራስ ነው ብላ እኮ ነው የወሰደችው። ሲሚንቶውን ማን አቦካላት?»

ቱንቢ ቀና አለ። ዓይኑ ወደ ላይኛው ቤት ሄደ፤ ተመለሰ። ሰፊዋ ድንጋዩን ተሸክማ አደባባይ ልታወጣው ብድግ ስትል የቀሚሷን ጫፍ ያዘ። ረጅም ነገር ነገራት፤ ያን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እማማ ራሷን ገደለች ሲባል መስማት አልፈልግም አለ። አንቺም ጨርቁን የሰጠሁ እኔ ነኝ እያልሽ እንቅልፍ ታጫለሽ አለ። ወንድሜም ሐዘኑ ሲወጣለት ራሱ ይናገራል፤ አውቀዋለሁ፣ ክፉ ልጅ አይደለም አለ።

«ካልተናገረስ?» አለችው።

«ከገዛ አፉ ካልወጣ ለኔ ምንም አይደለም። ከሰው ጎትቼ ያወጣሁት ቃል ምን ያደርግልኛል? አልናገርም ብለሽ ማይልኝ።»

ማለችለት። ዕድሜ ልኳን ያን መሐላ ረገመችው።

ድንጋዮቹ ግቢው ጥግ ተከመሩ፤ ሣር በቀለባቸው። ሹፌሩ አልተናገረም። ዓመቱ ዞረ፣ ሌላው ተተካ... አልተናገረም። ቱንቢ መዶሻውን ይዞ በየጠዋቱ አደባባይ ይወጣል፤ ሌሎቹ ተመርጠው ይሄዳሉ፣ እሱ ይቀራል። ለብዙ ዘመን ያሠራው ፎርማን ወደ ጎን ጠርቶት፣ እኔ ወሬውን አላምነውም ጋሽ ቱንቢ፣ ግን አሠሪው ይፈራል፤ ለጊዜው ቤትህ እረፍ አለው። ጊዜው አላልቅ አለ። ከጎረምሶቹ አንዱ ለአማቴ አንድ ግንብ ሥራልኝ፣ እከፍልሃለሁ ብሎ ቀለደበት፤ አደባባዩ ሳቀ። ቱንቢም ፈገግ ብሎ መዶሻውን ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለ። ከዚያ ወዲያ አደባባይ አልወጣም።

ድንጋይ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ገባ። የሰው ስም የማይጠየቅበት ሥራ ነው፤ ድንጋይ ወደ ማሽኑ አፍ መወርወር፣ አቧራውን መዋጥ። ጥርብ ድንጋይ እንደ ልጅ የሚዳብስ ሰው፣ ድንጋይ ሲደቅቅ እያየ ዋለ። ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ቆይቶ ሳል ጀመረው። ቆይቶ ሳሉ ደም አመጣ። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ አቧራው ሳንባውን እንደያዘውና ሥራውን ማቆም እንዳለበት ነገረው። መድኃኒቱን ለመግዛት ሰፊዋ መብራት እስኪጠፋ ትሰፋለች። እህታቸው በደጃቸው አታልፍም። ሹፌሩ ግን ያልፋል! በየወሩ ስኳርና ሳሙና ደጃፋቸው አስቀምጦ፣ ሳያንኳኳ ይሄዳል። ሰፊዋ ሳሙናውን ለጎረቤት ትሰጣለች፤ ስኳሩን ጓሮ ወስዳ ለጉንዳን ትበትነዋለች። ከእሱ የሚፈልጉት ስኳር ነበር? በኪሎ የሚለካ ነገር ነበር የወሰደባቸው?

ያ የተናደ ተዳፋት ግን ለማንም አላዘነም። መያዣ የሌለው አፈር በየዝናቡ እየተቆረሰ ወደ ላይ፣ ወደ ሹፌሩ ቤት ተጠጋ። በመጨረሻ ስንጥቁ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ወለል ላይ ወጣ። ሹፌሩ ግንበኛ መጥራት ነበረበት፤ አልጠራም። የሚመጣው ግንበኛ ጥግ የተከመሩትን፣ ጨርቅ የተጣበቀባቸውን ድንጋዮች አይቶ የሚለውን ፈራ። ልጆቹን ስንጥቅ ላይ እያስተኛ ፈራ። እዩት እንግዲህ፣ ውሸት የት ድረስ እንደሚወስድ!

ስንጥቁን ከታች ሆኖ ያየው ቱንቢ ነው። አንድ ቀን ጠዋት መዶሻውን ከጨርቁ ፈታው። ሰፊዋ ጮኸችበት፤ በዚህ ደረትህ ድንጋይ ልታነሳ ነው ወይ፣ ሊገድልህ ጥቂት ለቀረው ሰው ነው ወይ ግንብ የምትሠራው አለችው።

«ከላይ ልጆች ይተኛሉ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሠራ። ድንጋይ የሚያቀርበው ሹፌሩ ነበር፤ እንቢ ማለት አልቻለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ስንት ዘመን ሳይነጋገሩ ኖረው ጎን ለጎን ዋሉ። የሚሰማው፣ ይሄን አዙረው፣ ያን አቅርበው፣ ሰፊው ከታች ይሁን ብቻ ነበር። ቱንቢ ትንሽ ይሠራል፣ ሲያስለው መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጠብቃል፣ ይቀጥላል። ግንቡ ጉልበት ሲደርስ ከጎኑ ከተቀመጡት ቁራጭ ቧንቧዎች አንዱን አንስቶ ለሹፌሩ ዘረጋለት።

«ይሄን አንተ አስቀምጠው» አለው። «ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል። ውሃ እንዲወጣ።»

ሹፌሩ ቧንቧውን ይዞ ቆመ። የቧንቧውን ቀዳዳ አየ።

«ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?»

«ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ አይደለሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተመለስኩ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ቱንቢ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ በመሐረብ አፉን ያዘ። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው የመለሰለት።

«እኔ ነኝ ወይ ዝም ያልኩት?»

ሹፌሩ እዚያው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። የወንድሙን እግር ይዞ፣ ለመናገር በየቀኑ እየተነሳ በየቀኑ እንደሚፈራ፣ መጀመሪያ እህቱን፣ ከዚያ ጎረቤቱን፣ ከዚያ የራሱን ልጆች እንደፈራ እያለቀሰ ተናገረ። ሰፊዋ ውሃ ይዛ መጥታ ቆማ ነበር። ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ለሌላ ሰው ላትናገር ነው የማለችው፤ ለእሱ ላትናገር አልማለችም።

«ተነስ» አለችው። «እዚህ ጓሮ ውስጥ ለድንጋይ አትናዘዝ። የጠየቁህ ሰዎች አሉ። ያኔ እዚያች ላይ ቆመህ መለስክላቸው፤ ሄደህ እንደገና መልስላቸው። ይሄን ደረት እየው። ብዙ አይጠብቅህም።»

«እትዬ፣ ግንቡ ሲያልቅ...»

«ግንቡ ከእሱ ቀድሞ የሚያልቅ ይመስልሃል?»

ቱንቢ ሌላ ድንጋይ አንስቶ፣ አገላብጦ አየና፣ ወደ ውጭ የሚሆነውን ፊቱን ለይቶ አስቀመጠ። ሹፌሩ ተነሳ። ቧንቧውን ቦታው ላይ አስገባ፣ ዘቅዘቅ አደረገው፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ያዘ። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ አየለትና ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ነው፣ ሌላውንም እንዲሁ አድርግ አለው።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ታች ቤት በር ላይ ቆመ። ጋቢናው ውስጥ እህታቸው ተቀምጣለች። ፊቷ አብጧል፤ ሹፌሩ ገና ሳይነጋ ቤቷ ሄዶ እንደነገራት ሰፊዋ አይታ አወቀች። እህትየዋ ወርዳ ከቱንቢ ፊት ቆመች። ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር አሰረችለት፤ እሱ ጎንበስ ማለት ከተሳነው ሰንብቷል። ደግፈው ጋቢና አስገቡት፤ ሰፊዋና እህትየዋም ከጎኑ ገቡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም።

አደባባዩ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ የቀን ሠራተኛው ዕቃውን እግሩ ሥር አድርጎ ጠርዙ ላይ ተደርድሮ አሠሪ ይጠብቃል። ፎርማኑም ሰው ሊመርጥ መጥቷል፤ ጠጉሩ ሸብቷል። ሹፌሩ መኪናውን መሃል ላይ አቆመ። የጋቢናውን መስኮት እስከ ታች ከፈተ፤ ቱንቢ እንዲሰማ። ከዚያ የጭነቱ ሳጥን ላይ ወጣ። ሰዉ አሸዋ የሚሸጥ መስሎት ቀና አለ።

«የእናቴን ክፍል የጣለው የወንድሜ እጅ አይደለም» አለ። «ግንቡ ውሃ መውጫ ነበረው። ደፈንኩት። እኔ ነኝ የደፈንኩት፤ በጨርቅ። በላዩ ሲሚንቶ ለሰንኩበት። ያን ቀን ጠይቃችሁኝ ነበር። የሠራው እሱ ነው አልኳችሁ። ሥራ የከለከላችሁት በእኔ ቃል ነው። ሳንባው የተበላበት ድንጋይ ወፍጮ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ለአማቴ ግንብ ሥራልኝ ብሎ የቀለደው ሰው እዚያው ነበር፤ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መሬት አየ። ግን ማን ነበር ያልሳቀው? ማን ነበር፣ ያን ሁሉ ዘመን ቱንቢ የሠራቸውን ግንቦች ተደግፎ እየቆመ፣ አንዱስ ወድቆ ያውቃል ወይ ብሎ ራሱን የጠየቀ? ሰው አንድን ስም ለመጣል አንድ ወሬ ይበቃዋል፤ ለማንሳት ግን መሐላ፣ ምስክርና የደም ሳል ይጠይቃል።

ፎርማኑ ከሰዉ መሃል ወጥቶ ወደ መስኮቱ መጣ። የቱንቢን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ የመጣለት ግን የሚያውቀው ንግግር ብቻ ነው።

«ጋሽ ቱንቢ፣ ነገ የምናስጀምረው የድጋፍ ግንብ አለ። ማዕዘኑን የምትይዝልኝ አንተ ነህ።»

ቱንቢ አየው። ትከሻው ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል፤ መዶሻ ቀርቶ ጽዋ ማንሳት ይከብደዋል። ይህን ፎርማኑ ያያል፣ ከበው የቆሙት ሁሉ ያያሉ።

«በጠዋት እመጣለሁ» አለ።

ከዚያ ግንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ መጡ። ሲሚንቶ የበላው እጅ ሁሉ እየገባ የእሱን እጅ ጨበጠ። እህቱ ራሷን ጉልበቱ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች፤ እሱ በአንድ እጁ ጠጉሯን ይዳብሳል፣ በሌላው ሰላምታ ይቀበላል። ሰፊዋ ከእነሱ ጎን ተቀምጣ ፊቱን አየችው። ሲያገባት የነበረውን ፊት ለአፍታ አየች... ለአፍታ ብቻ።

ያን ነገ ሥራ ላይ ሆኖ አላየውም። ትንፋሹ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ዝናቡ ሳይመለስ ዐረፈ። የግንቡን የመጨረሻ ረድፍ ሹፌሩ ደረደረው፤ ትንሽ ጠመመበት። ሰዎች ቀብር ላይ ዕጣው ነው፣ የተጻፈለት ነው አሉ። አፈር መናዱ ዕጣ ይሁን፤ ዝናብ ቀድሞ መግባቱ፣ መንገድ መቆረጡም ይሁን። እናትም ከልጇ ቀድማ መሞቷን ዕጣ እንበለው። ግን አንድ ሰው እውነቱን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ወንድሙ አቧራ ሲውጥ እያየ ዓመት ሲያሳልፍ፣ ያን የጻፈው ማን ነው? በዚያ ላይ የሰማይን ስም መጥራት ለሰማዩም ስድብ ነው።

ከቀብር ሲመለሱ ሹፌሩ የሰፊዋ በረንዳ ሥር መጥቶ ቆመ። ወደ ላይ አልወጣም፤ አልተቀመጠም። ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ እያለበሰች ነበር።

«እትዬ» አላት። «የነበረብኝን ከፈልኩ?»

ሰፊዋ ጨርቁን ጎትታ ዳር ዳሩን አስተካከለች።

«ከፍለሃል» አለችው። «በሕይወት ሳለ፣ በገዛ እጁ ነው የተቀበለህ፤ አይቻለሁ። ስላዘገየኸው ግን እኔን አትጠይቀኝ።»